በክረምት ጫካ እሳት አለኳኮስ

እሳት የማያስፈልገው ሰው የለም። እንጀራ የሚጋገረው፣ ወጥ የሚሠራው፣ ማረሻ የሚቀጠቀጠው በእሳት ነው። በቤታችን ሳለን ግን እሳትን እንደ ትልቅ ነገር አንቆጥረውም። ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍነን እናድራለን፤ ጠዋት አመዱን ገልጠን እፍ እንለዋለን። ጠፍቶ ቢያድርም ብዙ አያስጨንቅም፤ ገል ይዘን ከጎረቤት እሳት እንጭራለን።

ጎረቤት በሌለበትስ? የጠፋ ከብት ሲፈልግ በጫካ የመሸበት እረኛ እሳት ከየት ያመጣል? ከገበያ ሲመለስ ወንዝ ሞልቶበት ማዶ የቀረ መንገደኛስ? ክብሪቱ በኪሱ ውስጥ ርሷል። ዝናቡ አላባራም። እንጨቱ ሁሉ ውኃ ጠጥቷል። እንዲህ ባለ ሌሊት እሳት ማንደድ የሚችል ሰውና የማይችል ሰው ዕጣቸው አንድ አይሆንም።

በዚህ ትምህርት በእርጥብ ጫካ ውስጥ ያለ ክብሪት፣ በብረትና በድንጋይ፣ እሳት እንዴት እንደሚለኮስ እንማራለን። እኛ ተማሪዎች ከመጽሐፍ ያገኘነውን፣ እናንተም ገበሬዎች ከአባቶቻችሁ የወረሳችሁትን አንድ ላይ አድርገን እንመለከታለን። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር በልባችን እንያዝ። ብልጭታ ማውጣት ቀላል ነው። ከባዱ ሥራ ብልጭታውን የሚቀበለውን ደረቅ ነገር አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው።

1. ብርድ ሰውን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው «ብርድ የሚገድለው ውርጭ ሲወርድ ብቻ ነው» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። በስሜን ተራሮች ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ውኃ የሚያረጋ ብርድ አለ። ይህን ሁሉም ይፈራዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ውኃ ባይረጋም ሰው በብርድ ሊሞት ይችላል። ምክንያቱም ልብሱ በዝናብ ይረጥባል፤ በረጠበው ልብስ ላይ ነፋስ ይነፍሳል። ውኃና ነፋስ አንድ ላይ ሲሆኑ የገላን ሙቀት ቶሎ ይዘው ይሄዳሉ።

የጤነኛ ሰው የውስጥ ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋ ላይ ነው ማለት ነው። ሰውየው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፤ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ያቅተዋል። ከዚያ ምላሱ ይያያዛል፤ ሲሄድ ይደናቀፋል፤ የሚናገረውም ይምታታበታል። በመጨረሻ መንቀጥቀጡ ይተወዋል። ይኼኔ «ተመስገን፣ ተሻለው» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። መንቀጥቀጡ የቆመው ገላው ሙቀት የሚሠራበት ጉልበት ስላለቀበት ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ምን እናድርገው? ከዝናብና ከነፋስ እንከልለው። የረጠበ ልብሱን አውልቀን በደረቅ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ እንጠቅልለው። ራሱንም እንሸፍነው። ከመሬቱ ብርድ እንዲጠበቅ ከሥሩ ሣር ወይም ቅጠል እናንጥፍለት። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ትኩስና ጣፋጭ ነገር እናጠጣው። እግሩንና እጁን በኃይል አንሸው። ወደ እሳቱም በጣም አናስጠጋው፤ ገላው ስለደነዘዘ ቢቃጠል እንኳ አይታወቀውም። ቶሎም ወደ ሕክምና ጣቢያ እንዲደርስ እናድርግ።

አረቄ ግን አይሰጠውም! «አረቄ ያሞቃል» የሚባለው ቆዳን ስለሚያሞቅ ነው። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል። ያኔ በሆድ ዕቃ አካባቢ ያለው ሙቀት ወደ ቆዳ ይወጣና በነፋስ ይወሰዳል። ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ ውስጡ ይበልጥ እየቀዘቀዘ ነው።

እንግዲህ እጅ አልታዘዝ ካለ በኋላ እሳት መለኮስ አይቻልም። ስለዚህ በጫካ የመሸበት ሰው «ጥቂት ልሂድ፣ ጥቂት ልሂድ» እያለ እስኪደክም አይጠብቅ። ቀን ሳለ፣ ጣቶቹ ሳይደነዝዙ፣ እንጨት መልቀም ይጀምር።

2. እሳት ምን ይፈልጋል?

ድስት የሚቆመው በሦስት ጉልቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢወሰድ ድስቱ ይደፋል። እሳትም ሦስት ጉልቻ አለው ማለት እንችላለን። አንደኛው የሚነድ ነገር ነው። ሁለተኛው አየር ነው። ሦስተኛው ሙቀት ነው።

አየር ውስጥ ኦክሲጅን የሚባል ጋዝ አለ። ከ100 እጅ አየር 21 እጅ ያህሉ ኦክሲጅን ነው። እሳት የሚነደው በዚህ ነው። ፍምን በአመድ ስንዳፍነው አየር በጥቂቱ ብቻ ስለሚደርሰው ቀስ እያለ ያድራል። እፍ ስንለው አየር ስለሚያገኝ ይቀላል። እናቶቻችን ይህን በየቀኑ ሲሠሩበት ኖረዋል። ስሙ ነው አዲሱ እንጂ ሥራው አዲስ አይደለም።

እርጥብ እንጨት ለምን እንቢ ይላል? እንጨት ለመቀጣጠል ወደ 300 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል። በውስጡ ውኃ ካለ ግን የሰጠነው ሙቀት ሁሉ ውኃውን በማፍላት ያልቃል። ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ እንጨቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ያጨሳል፣ ያስለቅሳል፣ ይንሸሸሻል እንጂ አይነድም። ነጭ ጭስ ሲበዛ «እንጨቱ ገና ውኃ አለበት» ማለት ነው።

3. ባልጩትና ብረት

ክብሪት ያለን ከትናንት ወዲህ ነው። ተጭሮ የሚለኮስ ክብሪት ለገበያ ያወጣው ጆን ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ መድኃኒት ሻጭ ነው። ዘመኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1827 ነበር። ከዚያ በፊት የሰው ልጅ እንጨት ከእንጨት እያሸ፣ ወይም ድንጋይና ብረት እያጋጨ እሳት ሲያወጣ ኖሯል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 በኦስትሪያና በኢጣሊያ ድንበር ላይ፣ አልፕስ በሚባሉት ተራሮች፣ በበረዶ ውስጥ የተቀበረ የአንድ ሰው አስከሬን ተገኘ። ሊቃውንት ሲመረምሩት ሰውየው ከሞተ ከ5000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ ሰው በከረጢቱ እሳት ቶሎ የሚይዝ፣ ዛፍ ላይ የሚበቅል እንጉዳይ ይዞ ነበር። በእንጉዳዩ ላይ ብረትና ድኝ ያለበት፣ ሲመታ ብልጭ የሚል ድንጋይ ብናኝ ተገኝቶበታል። ከዚህም ሌላ ከዛፍ ልጥ በተሠራ ዕቃ ውስጥ፣ በለጋ ቅጠል የተጠቀለለ ፍም ይዞ ይሄድ እንደነበር ምልክት አግኝተዋል። የኛ እናቶች በገል ፍም ይዘው ከቤት ቤት እንደሚሄዱት ማለት ነው። እሳት ይዞ መጓዝ እንደዚህ ያለ ጥንታዊ ጥበብ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ባልጩትና ብረት ሲጋጩ ብልጭታ ይወጣል። ብልጭታው ከማን የወጣ ነው? ብዙ ሰው «ከድንጋዩ ነዋ!» ይላል። አይደለም፤ ከብረቱ ነው። የባልጩቱ ስለታም ጠርዝ ከብረቱ ላይ በጣም ደቃቅ ብናኝ ይፍቃል። ያ ብናኝ በፍቂያው ይግልና አየር ሲነካው ይነዳል።

ብረት ይነዳል እንዴ? አዎን፣ ይነዳል። ብረት ዝናብ ላይ ቢቀር ይዝጋል። ዝገት ማለት ብረት ከኦክሲጅን ጋር ቀስ ብሎ ሲዋሐድ ነው። ማረሻ ላይ በወራት የሚሆነው ነገር በዚያች ብናኝ ላይ በዓይን ጥቅሻ ይሆናል። ልዩነቱ የፍጥነት ነው። ማረሻው ትልቅ ስለሆነ አይነድም፤ ብናኟ ግን ደቃቅ ስለሆነች አየር ከየአቅጣጫው ያገኛታል።

ይሁን እንጂ ብረት ሁሉ አይሆንም። ምስማርና ሽቦ ለስላሳ ስለሆኑ ብልጭታ አይሰጡም። የሚሆነው ግሎ በውኃ የተነከረ ጠንካራ ብረት ነው። ያረጀ የሞረድ ቁራጭ ከሁሉ ይሻላል። ድንጋዩም ከብረቱ የጠነከረ፣ ጠርዙም ስለታም መሆን አለበት። ጥቅጥቅ ያለ ባልጩት ወይም ነጭ ጠንካራ ድንጋይ ይሆናል። እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቀው ጥቁሩ ዓይነት ግን ቶሎ ይሰባበራል። ስባሪው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ፊታችንን ዞር አድርገን እንምታ።

የዚህ ብልጭታ ሙቀት ትንሽ ነው። ሣር ላይ ቢወድቅ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ የሚቀበለው የከሰለ ጨርቅ ያስፈልጋል። የከሰለ ጨርቅ አሠራር እንዲህ ነው።

ሀ. ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ለምሳሌ አሮጌ አቡጀዲ፣ በትንንሹ ይቀደዳል። ናይሎን አይሆንም፤ ይቀልጣል።

ለ. ጨርቁ ክዳን ባለው ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። ክዳኑ ላይ በምስማር አንዲት ቀዳዳ ትበሳለች።

ሐ. ቆርቆሮው ፍም ላይ ይቀመጣል። በቀዳዳዋ ጭስ ይወጣል። ጭሱ ሲያቆም ቆርቆሮው ይነሣል።

መ. በደንብ ሳይቀዘቅዝ አይከፈት። ትኩስ ሳለ ከተከፈተ አየር ይገባና ጨርቁ ነዶ አመድ ይሆናል።

ጥሩ የከሰለ ጨርቅ ጥቁር ነው፤ ግን አይፈረፈርም። ብልጭታ ሲያርፍበት ቀይ ነጥብ ይታያል፤ ነጥቡም ቀስ እያለ ይሰፋል።

4. የላይተር ድንጋይ የሚባለው

በላይተር ውስጥ ያለችውን ትንሽ ድንጋይ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። «ድንጋይ» ብንላትም ድንጋይ አይደለችም። ብረትና ሴሪየም የሚባል ሌላ ማዕድን ተቀላቅሎባት የተሠራች ነች። ይህን ቅልቅል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 ያገኘው ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ የሚባል የኦስትሪያ ሊቅ ነው።

በዛሬው ጊዜ ይኸው ቅልቅል ጣት በሚያህል ዘንግ ተሠርቶ ይሸጣል። በውጭ አገር በበረዶ ጫካ የሚያድሩ አዳኞች፣ ወታደሮችና ተራራ ወጪዎች ይዘውት ይሄዳሉ። ስለት ባለው የብረት ጠርዝ፣ ለምሳሌ በቢላ ጀርባ፣ ሲፋቅ ትልልቅ ነጭ ብልጭታ ይረግፋል። የብልጭታው ሙቀት ወደ 3000 ዲግሪ ይደርሳል። ውኃ ውስጥ ቢወድቅም ጠርጎ ማድረቅና መፋቅ ነው። ክብሪት ግን እንዲህ አይሆንም። የክብሪት ሳጥን ጎኑ ከረጠበ እንጨቶቹ ደረቅ ቢሆኑም አይለኮሱም፤ መጫሪያው መድኃኒት ያለው በሳጥኑ ጎን ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እናስተውል። በአባቶቻችን መንገድ ድንጋዩ ብረቱን ይፍቃል፤ የሚነደው ብረቱ ነው። በአዲሱ ዘንግ ግን ብረቱ ዘንጉን ይፍቃል፤ የሚነደው ዘንጉ ነው። አዲሱ ብልጭታ በጣም ስለሚግል የከሰለ ጨርቅ አያሻውም። ደረቅና ልል የሆነ መለኮሻ ብቻ ይበቃዋል። ሆኖም መለኮሻው እርጥብ ከሆነ 3000 ዲግሪውም ቢሆን ምንም አይፈይድም።

5. መለኮሻ፣ ጭራሮ፣ ማገዶ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ደረስን። ብረቱን ከኪሳችን ከማውጣታችን በፊት ሦስት ክምር ማዘጋጀት አለብን።

አንደኛው ክምር መለኮሻ ነው። መለኮሻ የምንለው ብልጭታ ወይም ትንሽ ፍም ሲነካው ቦግ የሚለውን ደቃቅ ነገር ነው። ሁለት ጭብጥ ያህል ያስፈልጋል። በእርጥብ ጫካ ከየት ይገኛል?

የጽድ ልጥ በጣም ጥሩ ነው። ላዩ ቢረጥብም ከሥሩ ያለው ይደርቃል። በመዳፍና በመዳፍ መካከል ሲታሽ እንደ ጭረት ይፍታታል። የባሕር ዛፍ ቅርፊት ከግንዱ ተልጦ ሲንጠለጠል ቶሎ ይደርቃል፤ ቅጠሉም ዘይት ስላለው ሲደርቅ በኃይል ይነዳል። በደጋ አፋፍ ላይ አስታ ካለ የሞተው ቅርንጫፉ ደህና ይይዛል። በዋሻ አፍ፣ በትልቅ ድንጋይ ጥላ ሥር፣ ዝናብ ያልነካው ሣር ይገኛል። ወፍ ለቅቃው የሄደች ደረቅ ጎጆም መለኮሻ ነው። ከቤት የተያዘ ባዘቶ ካለ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ባዘቶውን በጥቂት ሞራ ወይም ሰም ብንነካካው እንደ ኩራዝ ክር ሆኖ ረዘም ላለ ጊዜ ይነዳል። ብልጭታው እንዲይዝ ግን ጥቂቱን ሳንነካካ እንተወው።

ሁለተኛው ክምር ጭራሮ ነው። ከስንደዶ ውፍረት ጀምሮ እስከ አውራ ጣት ውፍረት ያለውን አንድ ሙሉ ዕቅፍ እንልቀም። ጭራሮ ከመሬት አይለቀምም፤ መሬት የነካ እንጨት እንደ ጨርቅ ውኃ ይመጣል። በቁሙ ከደረቀ ዛፍ ላይ፣ ወይም ከትልቅ ዛፍ ታችኛው ክፍል ላይ ሞቶ ከተንጠለጠለው ቅርንጫፍ እንስበር። ሲሰበር «ቀጭ» ካለ ደረቅ ነው። እንደ ቆዳ ከተጠማዘዘ እርጥብ ነው፤ ይቅር።

ሦስተኛው ክምር ማገዶ ነው። ከእጅ ክንድ የሚወፍረው ነው። የወይራ እንጨት ዘግይቶ ይያዛል፤ ከተያዘ ግን ፍሙ ሌሊቱን ያደርሳል። ደረቅ ኩበት ከተገኘም ፍም በማቆየት የሚተካከለው የለም። ክምሩ እስከ ጉልበታችን ካልደረሰ ለሌሊት አይበቃም። በጨለማ እየተነሡ እንጨት ፍለጋ መሄድ ለገደልና ለአውሬ ራስን መስጠት ነው።

እንጨቱ ሁሉ ላዩ ርሶ ከሆነስ? በዚህ ጊዜ ቢላና ገጀራ ይረዱናል። ዝናብ የሚያረጥበው የእንጨቱን ላይ ነው። በቁሙ የደረቀ እንጨት ሲፈለጥ ልቡ ደረቅ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ከልቡ በቢላ ቀጫጭን ልጣጭ እንልጣለን፤ ልጣጩን ቆርጠን አንጥለውም፤ ጫፉ ላይ እንደተንጠለጠለ እንተወዋለን። እንጨቷ ጠጉራም ትመስላለች። እንዲህ ያሉ አምስት ስድስት እንጨቶች ከብዙ ጭራሮ ይበልጣሉ።

ሁለት ነገር እናስጠንቅቅ። ቁልቋል ለማገዶ አትምረጡ፤ ወተቱ ዓይን ይጎዳል፤ ጭሱም መጥፎ ነው። ለምለም ዛፍም አትቁረጡ። ለምለም እንጨት ውኃ ስላለው አይነድላችሁም፤ ጫካውም በከንቱ ይራቆታል።

6. አለኳኮሱ

ሀ. ከነፋስ የተከለለ ቦታ ምረጡ። ዙሪያውን ሁለት ሁለት እርምጃ ያህል ሣሩንና ቅጠሉን ጥረጉ። ከላይ ቅርንጫፍ አይኑር።

ለ. መሬቱ እርጥብ ስለሆነ የእጅ አንጓ የሚያህሉ እንጨቶች ጎን ለጎን አጋድሙ። እሳቱ በዚህ መደብ ላይ ይሁን። ካለዚያ የመሬቱ ውኃ ያጠፋዋል። ጉልቻ ካስፈለገ ከወንዝ ውስጥ የወጣ ድንጋይ አትጠቀሙ። በውስጡ ያለው ውኃ ሲፈላ ድንጋዩ ፈንድቶ ሰው ሊያቆስል ይችላል።

ሐ. መለኮሻውን እንደ ወፍ ጎጆ አድርጉት። መካከሉ ደቃቅ፣ ዳሩ ሻካራ ይሁን። ዝናብ ካለ በጋቢ ከልሉት።

መ. በባልጩት የምትለኩሱ ከሆነ የከሰለውን ጨርቅ ባልጩቱ ላይ፣ ከስለታሙ ጠርዝ አጠገብ፣ በአውራ ጣት ያዙት። ብረቱን ከላይ ወደ ታች ጠርዙን እየፋቀ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ምቱ። በኃይል መምታት ሳይሆን በስሱ መላጥ ነው። ጨርቁ ላይ ቀይ ነጥብ ሲታይ ጨርቁን በጎጆው መካከል አስገቡት፤ ጎጆውን እጠፉት።

ሠ. በአዲሱ ዘንግ የምትለኩሱ ከሆነ የዘንጉን ጫፍ መለኮሻው ላይ አሳርፉ። ቢላውን አታንቀሳቅሱ፤ ዘንጉን ወደ ኋላ ሳቡት። እንዲህ ከሆነ እጅ መለኮሻውን አይበትነውም፤ ብልጭታውም በአንድ ቦታ ይወድቃል።

ረ. ቀስ ብላችሁ፣ ረዘም አድርጋችሁ እፍ በሉ። አትጣደፉ። ጭሱ ሲወፍር እሳቱ ቀርቧል። ቦግ ሲል መደቡ ላይ አስቀምጡት።

ከዚህ በኋላ እሳቱን እንደ ሕፃን እናስበው። ለሕፃን መጀመሪያ ወተት፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ ጥርስ ሲያወጣ ደግሞ ቆሎ ይሰጠዋል። ገና በተወለደ ልጅ አፍ ቆሎ የሚጨምር የለም። እሳትም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ስንደዶ የሚያህሉትን፣ ቀጥሎ ጣት የሚያህሉትን እንስጠው። እነዚያ በደንብ ሲነዱ ወፍራሙን እንጨምር። ጭራሮውን እንደ ጎጆ ቤት ማገር ዘመም አድርገን እናቁመው፤ በመካከሉ አየር ይግባ። ደፍጥጠን ከከመርነው ይታፈናል። የረጠበው ማገዶ ደግሞ በእሳቱ ዳር ተደርድሮ እየሞቀ ይድረቅ፤ ተራው ሲደርስ ይገባል።

7. እሳቱን መጠበቅና ማጥፋት

የዳነንበት እሳት መልሶ እንዳይጎዳን ሦስት ነገር እንጠንቀቅ።

አንደኛ፣ በዝግ ቦታ ውስጥ ፍም ይዘን አንተኛ። በሸራ ድንኳን ወይም አፉ በተዘጋ ዋሻ ውስጥ ፍምና ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ አይታይም፤ ሽታም የለውም። ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ የተኛው ሰውም ላይነቃ ይችላል። በቤት ውስጥም ቢሆን ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት እንዲሁ ይገድላል።

ሁለተኛ፣ ልብስ ስናደርቅ ከእሳቱ ራቅ አድርገን እንስቀል። ጋቢያችን ከተቃጠለ ሌሊቱን በምን እንለብሳለን?

ሦስተኛ፣ ስንሄድ እሳቱን ፈጽመን እናጥፋ። በክረምት «ዝናቡ ያጠፋዋል» ማለት ይቻል ይሆናል። በበጋ ግን እንዲህ ያለ ቸልተኝነት ጫካ ያወድማል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ጫካዎች ላይ ትልቅ ቃጠሎ ደርሶ ብዙ ደን ጠፍቷል። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ዋልያና ጭላዳ ዝንጀሮ በሚኖሩበት ቦታ፣ እሳት ተነሥቶ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ ቅጠልና አፈር ይዞ ሲታገል ሰነበተ፤ ከእስራኤል የመጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ረድተዋል። ያን ያህል እሳት ለማጥፋት ያን ያህል ሰው ይደክማል። የራሳችንን ምድጃ ለማጥፋት ግን አንድ እንስራ ውኃ ይበቃል።

አጠፋፉ እንዲህ ነው። ውኃ አፍስሱበት፤ በእንጨት አማስሉት፤ እንደገና አፍስሱ። ውኃ ከሌለ እርጥብ አፈር እየጨመሩ ማማሰል ነው። አፈር አልብሶ ብቻ መሄድ አይገባም፤ እርሱ መዳፈን እንጂ ማጥፋት አይደለም። በመጨረሻ የእጃችሁን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠጉ። ሙቀት ከተሰማችሁ ገና አልጠፋም ማለት ነው።

8. ከቤት ሳንወጣ

ይህ ሁሉ በመሸ ጊዜ፣ በዝናብ ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከር አይደለም። ፀሐይ ባለበት ቀን በደጃችን እንለማመደው። ልጆቻችንን ከብት ጥበቃ ከመላካችን በፊት፣ አዋቂ ሰው አጠገባቸው ሆኖ አለኳኮሱንም አጠፋፉንም ያስተምራቸው።

አንዲት ትንሽ ከረጢትም እናዘጋጅ። በውስጧ የሞረድ ቁራጭ፣ ባልጩት፣ የከሰለ ጨርቅና ባዘቶ ይኑር። ክብሪት ካለን ራሱን በቀለጠ ሰም ነክረን እናድርቀው፤ ከመጫሪያው ቁራጭ ጋር አፉ በደንብ በሚዘጋ ጠርሙስ ወይም በቀንድ ውስጥ እናስቀምጠው። ከረጢቷ ከልብስ ሥር በአንገት ትንጠልጠል እንጂ በአቁማዳ አትጣል፤ አቁማዳው ቢረጥብ እርሷም ትረጥባለች።

ይህን ያነበበ ሰው ላላነበበው ጎረቤቱ ያንብብለት። በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶችም የሚያውቁት ሌላ መለኮሻ ካለ ጠይቀን በደብተራችን እንጻፈው። በየአገሩ ያለው እንጨትና ሣር የተለያየ ነው፤ የቆላው ሰው የሚያውቀውን የደጋው አያውቀውም። በቃል ብቻ የኖረ ዕውቀት ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል፤ የተጻፈው ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ጥያቄዎች

1. ውኃ የሚያረጋ ብርድ ሳይኖር ሰው በክረምት በብርድ ሊሞት የሚችለው ለምንድን ነው?
2. በብርድ ለተጎዳ ሰው አረቄ የማይሰጠው ለምንድን ነው?
3. ሦስቱ የእሳት ጉልቻዎች ምን ምን ናቸው? ፍም በአመድ ሲዳፈን የትኛው ይቀንሳል?
4. ባልጩትና ብረት ሲጋጩ የሚነደው የትኛው ነው?
5. በእርጥብ ጫካ ደረቅ ጭራሮ ከየት ይገኛል? ደረቅ መሆኑስ በምን ይታወቃል?
6. በእናንተ ቀበሌ ለመለኮሻ የሚሆኑ ምን ምን ነገሮች አሉ? አምስቱን ጻፉ።
7. እሳት ፈጽሞ መጥፋቱን እንዴት እናረጋግጣለን?

የቃላት ፍቺ

መለኮሻ፦ ብልጭታ ሲነካው ቶሎ የሚይዝ ደቃቅና ደረቅ ነገር።
ባዘቶ፦ ተፈልቅቆና ተነድፎ የለሰለሰ ጥጥ።
ኦክሲጅን፦ በአየር ውስጥ ያለ፣ ለመተንፈስና ለእሳት የሚያስፈልግ ጋዝ።
ሞረድ፦ ብረት የሚሳልበት፣ ጥርስ ያለው ጠንካራ ብረት።
ዲግሪ፦ የሙቀት መለኪያ።